የአሳ ገንዳችሁ አረንጓዴ ከሆነ ስፖንጁን አስቀምጡና መጋረጃውን ዝጉ

አኳሪየሙን ቤት ሳስገባ ቦታውን የመረጥኩት ለዓይን ብዬ ነው። መስኮቱ ስር አስቀመጥኩት፣ ጠዋት ፀሐይ ስትገባ አሳዎቹ ወርቅ እንዲመስሉ። ሦስት ሳምንት አማረብኝ። በአራተኛው ሳምንት መስታወቱ ቡናማ አቧራ ለበሰ። በሁለተኛው ወር ውሃው የጎመን ቅቅል መሰለና ቤት የመጣ እንግዳ ሁሉ "አሳዎቹ የታሉ?" ይለኝ ጀመር።

በየቅዳሜው ስፖንጅ ይዤ እፈትጋለሁ። ማክሰኞ ላይ አልጌው (ያ መስታወቱንና ውሃውን የሚያለብሰው ነገር ስሙ ነው) ተመልሶ ቁጭ ይላል። እንደገና እፈትጋለሁ፣ እንደገና ይመጣል። በመጨረሻ የገላገለኝ ስፖንጅም መድኃኒትም አይደለም፤ መጋረጃና የሃይላንድ ክዳን ነው። ክዳኑ ላይ እደርሳለሁ።

የባሕር ዳር ሰው ይሄን ነገር ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። ጣና ላይ እምቦጭ ከታየበት ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ስንት ሰው በዘመቻ ወጥቶ ነቀለ። የተነቀለበት ቦታ ተመልሶ ተሸፈነ። ለምን? ከእርሻው ማዳበሪያው፣ ከከተማው ፍሳሹ እየገባ ስለሚመግበው። ቀለቡ ካልተቋረጠ ንቀሉት፣ ይመለሳል። ሳሎናችሁ ያለው አልጌም እንደዚያው ነው። ብርሃን ይፈልጋል፣ ናይትሬትና ፎስፌት (ውሃው ውስጥ የሟሟ ማዳበሪያ በሉት) ይፈልጋል። ሁለቱንም የምንሰጠው እኛው ነን።

አንድ ነገር ቀድሜ ልበል። ግቡ አልጌን ከነዘሩ ማጥፋት አይደለም፣ አይቻልምም። ዘሩ በውሃ ይመጣል፣ በተክል ይመጣል፣ በመረቡ ይመጣል። ድንጋይ ላይ ስስ አረንጓዴ ካለ ገንዳው ጤነኛ ነው ማለት ነው፣ አንዳንድ አሳም ይግጠዋል። የምንፈልገው ከልክ እንዳያልፍ ብቻ ነው።

1. መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ እዩ

ሁሉም አልጌ አንድ አይደለም፣ መላውም አንድ አይደለም። እጃችሁን ታጠቡና (ሳሙናው በደንብ ይልቀቅ) በጣታችሁ ንኩት።

ቡናማና እንደ አቧራ በጣት ብቻ ከለቀቀ ዲያቶም ይባላል። አዲስ ገንዳ ላይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይመጣል፣ ገንዳው ሲረጋ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይሄዳል። አትጨነቁ፣ ጠረግ እያደረጋችሁ ጠብቁት።

መስታወቱ ላይ ጠንካራ አረንጓዴ ነጠብጣብ ከሆነና ጥፍር እንኳ የማያነሳው ከሆነ ብዙ ጊዜ ከልክ ያለፈ ብርሃን ነው። እንደ ፀጉር ረዝሞ የሚወዛወዝ ከሆነ ብርሃንም ምግብም በዝቷል። ውሃው ራሱ አረንጓዴ ከሆነ አልጌው ተንሳፋፊ ነው፣ መስታወት መፈተግ ምንም አያመጣም። የኔ ይሄኛው ነበር፣ እኔ ደግሞ መስታወት ስፈትግ ከረምኩ።

ጥቁር ጢም የመሰለ፣ ቅጠል ጫፍና የፊልተር አፍ ላይ ተጣብቆ የሚቀር አለ። እሱ ግትር ነው፣ ታች እመለስበታለሁ።

የመጨረሻው ደግሞ ጠጠሩን እንደ ንፍጥ የሚሸፍን፣ ሲያነሱት እንደ አንሶላ የሚገፈፍና የረግረግ ሽታ ያለው ሰማያዊ አረንጓዴ ነገር ነው። አልጌ ይባል እንጂ ባክቴሪያ ነው፣ ሳይኖባክቴሪያ። ስሙን ያነሳሁት እንዲሁ አይደለም። ባክቴሪያ ነው ብሎ አንቲባዮቲክ ገዝቶ የሚጨምር ሰው አለ። ፊልተሩ ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ሊጎዳ ይችላል፣ ቀለቡ ካልተቋረጠ ደግሞ ንፍጡ ይመለሳል።

2. ብርሃኑን ቀንሱ

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ፣ ግማሹ ሥራ እዚህ ነው።

እኛ አገር ቀኑ ክረምት ከበጋ 12 ሰዓት አካባቢ ነው። በክረምት ደመናው ትንሽ ያግዘናል እንጂ አጭር ቀን የሚባል ነገር የለንም። ባሕር ዳር ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ፀሐይዋ ቀልድ አታውቅም። ገንዳው በቀን ሁለት ሰዓት እንኳ ቀጥታ ፀሐይ ካገኘ ሌላው ልፋታችሁ ከንቱ ነው። ስለዚህ ከመስኮቱ አርቁት። ማራቅ ካልተቻለ (የኔ አልተቻለም፣ ውሃ የሞላ ገንዳ ከነጠጠሩ ለመግፋት መሞከር መስታወቱን ማሰንጠቅ ነው) ወፍራም መጋረጃ ስቀሉ፣ ወይም በመስኮቱ በኩል ያለውን የገንዳውን ጀርባ በጥቁር ወረቀት ሸፍኑ። እኔ መጋረጃ ሰቀልኩ። ወርቅ የመሰሉት አሳዎች ነገር ቀረ።

ቀጥሎ የገንዳው አምፖል። በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይበቃል። አልጌ ካስቸገራችሁ ከ6 ጀምሩ። ተክል የሌለው ገንዳ ከሆነ ከዚያም ቢያንስ አሳዎቹ ቅር አይላቸውም፣ አምፖሉ የሚበራው ለእናንተ ነው። የኔ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት ይበራል፣ ሰው ቤት ያለው ያኔ ነዋ። ቀኑን ሙሉ አብርቶ ሥራ መሄድ ለአልጌ ግብዣ ነው።

በእጅ አበራለሁ አጠፋለሁ አትበሉ፣ ትረሳላችሁ። ሶኬት ላይ የሚሰካ ታይመር ግዙ። ግን ተጠንቀቁ፣ የሚሽከረከር ሰዓት ያለው ታይመር መብራት ሲሄድ አብሮ ይቆማል። በሳምንት ውስጥ አራት ሰዓት መብራት ከጠፋ ታይመሩም አራት ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። አንድ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ውሃ ልጠጣ ስነሳ ሳሎኑ እንደ ሠርግ ቤት በርቶ አገኘሁት። ከዚያ በኋላ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ታይመሩን ማስተካከል ለምጃለሁ። ባትሪ ያለው ዲጂታል ካገኛችሁ እሱን ግዙ።

3. ማንኪያውን ቀንሱ

አሁን ወደ እማዬ እንምጣ።

ምግብ የምሰጠው ጠዋት አንድ ጊዜ ነበር፣ ቆንጠር አድርጌ። ውሃው ግን አልጠራም። አንድ ቀን በጊዜ ቤት ስገባ እማዬ ገንዳው አጠገብ ቆማ የዳቦ ፍርፋሪ ትበትናለች። "እማዬ ምን እያደረግሽ ነው?" አልኳት። "ርቧቸዋል እኮ፣ ሲያዩኝ አፋቸውን ይከፍታሉ።" ለካ በቀን ሦስት ጊዜ ታበላቸዋለች። ለመክሰስም አንዳንዴ። እንግዳ በባዶ ሆድ የማትሸኝ ሴት አሳ በባዶ ሆድ ታሳድራለች?

አሳ አፉን የሚከፍተው ስለራበው ላይሆን ይችላል፣ የሚያበላውን ሰው ጥላ ሲያይ መምጣት ስለለመደ ነው። የሚበቃው ደግሞ ትንሽ ነው። በአንድ ወይም በሁለት ደቂቃ ጠርጎ የሚጨርሰውን ያህል፣ በቀን አንዴ። ጠጠሩ ላይ የወረደ ፍርፋሪ ካያችሁ በዝቷል። የተረፈው ይበሰብሳል፣ አሞኒያ (ለአሳ መርዝ ነው) ይሆናል፣ አሞኒያው ናይትራይት ይሆናል፣ ናይትራይቱ ናይትሬት ይሆናል፣ ናይትሬቱን አልጌው ይበላዋል። ዳቦ ደግሞ ውሃ ጠጥቶ ስለሚሟሟ ከሁሉም ይብሳል።

እማዬን መከልከል አልቻልኩም፣ ስለዚህ ሥራውን ለእሷ ሰጠኋት። ስድስት የሃይላንድ ክዳን አሰለፍኩ፣ በእያንዳንዱ የአንድ ቀን ምግብ ለክቼ ጨመርኩ፣ ክዳን ያለው ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩ። ከዚያ ውጭ ምንም የለም። ስድስት ብቻ የሆነው በሳምንት አንድ ቀን ስለሚጾሙ ነው። ጤነኛ ትልልቅ አሳ አንድ ቀን ቢጾም አይጎዳም፣ እንዲያውም ገንዳው ይተነፍሳል። "ዓርብ ይጹማሉ" ስላት ደስ አላት፣ ከዚያ በኋላ ዳቦው ቀረ። (አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እናቆየው፣ አሳው ይጾማል ወይ የሚለው ግን በኛ ቤት ተዘግቷል።)

4. ውሃ ቀይሩ፣ ግን በልክ

በሳምንት አንዴ ከ20 እስከ 30 በመቶ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ርዝመት ሲባዛ በወርድ ሲባዛ በቁመት፣ በሳንቲ ሜትር፣ ከዚያ ለ1,000 አካፍሉ። የኔ 60 በ30 በ40 ነው፣ 72 ሊትር ይሆናል። ጠጠሩና ከላይ የሚቀረው ክፍተት ሲወጣ 60 ሊትር አካባቢ። ሩቡ 15 ሊትር ነው፣ ቢጫዋ የ20 ሊትር ጀሪካን ሦስት አራተኛዋ ማለት ነው። ይህን ካወቃችሁ በየሳምንቱ መለካት የለም።

ውሃውን በቱቦ ሳቡ፣ የቱቦውን ጫፍ ጠጠሩ ውስጥ እያስገባችሁ። ከላይ የተቀዳ ንጹሕ ውሃ ምንም አያወጣላችሁም፣ ቆሻሻው ታች ነው። የሚገባውን ውሃ ደግሞ ክፍት ባልዲ ውስጥ ለ24 ሰዓት አሳድሩት፣ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን እንዲተንን። ክሎራሚን (ክሎሪን ከአሞኒያ ጋር የተጣመረበት) ያለበት ውሃ ከሆነ ግን ማሳደር አይጠቅምም፣ የክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ያስፈልጋል። ከማስገባታችሁ በፊት እጃችሁን ባልዲውም ገንዳውም ውስጥ አስገቡ፣ ሙቀቱ ከተቀራረበ በቃ።

የጉድጓድ ውሃ የምትጠቀሙ ከሆነ አንድ ነገር አስቡ። የጉድጓድ ውሃ ራሱ ናይትሬት ሊኖርበት ይችላል፣ ያኔ በቀየራችሁ ቁጥር አልጌውን እያበላችሁት ነው። የናይትሬት መለኪያ ወረቀት ካገኛችሁ ገንዳውንም የመጣውንም ውሃ ለኩ። በሊትር ከ20 ሚሊ ግራም በታች ቢሆን ጥሩ ነው፣ ከ40 ካለፈ ብዙ ነው።

የወጣውን ውሃ አትድፉት። ጓሮ ላለው ሰው ለጎመንና ለሎሚ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም።

5. አሁን ፈትጉ

መፈተግ የሚመጣው አምስተኛ ላይ ነው፣ መጀመሪያ ላይ አይደለም። መስታወቱን ለአኳሪየም ብቻ በተቀመጠ ስፖንጅ ጥረጉ፤ እቃ ያጠባችሁበት ከሆነ ሳሙናው አሳ ይገድላል። ለጠንካራው ነጠብጣብ ጊዜው ያለፈበት የኤቲኤም ካርድ በቂ ነው። ካልሆነ ምላጭ፣ ግን ለመስታወት ብቻ፣ ፕላስቲክ ገንዳ ከሆነ ይጫራል። ከጠጠሩ ጠጋ ስትሉ ስፖንጁ ውስጥ አሸዋ እንዳይገባ እዩ፣ አንዴ የተጫረ መስታወት አይመለስም። ፈትጋችሁ ስትጨርሱ የወደቀውን ወዲያው በቱቦ አውጡት፣ ካልወጣ እዚያው በስብሶ ምግብ ይሆናል። ለዚህ ነው ፍተጋና ውሃ ቅየራ በአንድ ቀን የሚሆነው።

ፊልተሩን በቧንቧ ውሃ አትጠቡ። ይሄን የምለው ከደረሰብኝ ተነስቼ ነው። አንድ ቅዳሜ ተናድጄ ሁሉንም አወጣሁት። ጠጠሩን፣ ድንጋዩን፣ የፊልተሩን ስፖንጅ፣ ሁሉንም በበረኪና አጥቤ አለቀለቅኩ። ገንዳው አበራ። በአራተኛው ቀን ሞሊ ከሚባሉት አሳዎቼ ሦስቱ ሞተው ተንሳፈፉ። አሞኒያውን የሚያጠፉት ባክቴሪያዎች የሚኖሩት ጠጠሩና ፊልተሩ ላይ ነበር፣ እኔ ጨርሻቸዋለሁ። እንደገና ለመርባት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጅባቸዋል። አልጌው ደግሞ ከነሱ ቀድሞ ተመለሰ። የፊልተሩን ስፖንጅ ከገንዳው በወጣው ውሃ ባልዲ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉ፣ ይበቃዋል። ጠጠሩንና ፊልተሩን በአንድ ቀን አትንኩ።

6. እምቢ ላለው

ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ከላይ ያለውን ሠርታችሁ ካልጠራ ወደዚህ ኑ። ከዚያ በፊት ግን አትቸኩሉ።

ለአረንጓዴ ውሃና ለዚያ ለሚሸተው ንፍጥ የሚሠራው ጨለማ ነው። የቻላችሁትን ንፍጥ በቱቦ ስባችሁ ሲሶውን ውሃ ቀይሩ። አምፖሉን አጥፉ። ገንዳውን በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ዙሪያውን ሸፍኑት፣ ብርሃን የሚያስገባ ቀዳዳ እንዳይኖር። ሦስት ቀን። ምግብ የለም፣ ገልጦ ማየትም የለም (እማዬን ይህን ማሳመን ከባዱ ነበር)። የአየር ፓምፑ ግን መቆም የለበትም፣ ምክንያቱም የሚሞተው አልጌ ሲበሰብስ ኦክስጅን ይጨርሳል። በመሐል መብራት ከሄደ ጋቢውን ከላይ ብቻ ገለጥ አድርጋችሁ በጣሳ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሱበት፣ በየግማሽ ሰዓቱ ጥቂት ደቂቃ። በሦስተኛው ቀን ግለጡና እንደገና ሲሶውን ውሃ ቀይሩ። ሙቀቱ በሚበረታበት በመጋቢትና በሚያዝያ ይህን ባታደርጉ ይመረጣል፣ የሞቀ ውሃ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ያንሳል።

ለጥቁሩ ጢም ፋርማሲ የሚሸጠው ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ይሠራል። ጠርሙሱ ላይ 3% የሚል መሆኑን አንብቡ፣ 6% ከሆነ መጠኑን በግማሽ ቀንሱ። ለ4 ሊትር ውሃ ከ1 ሚሊ አትለፉ፣ ለኔ ገንዳ 15 ሚሊ ማለት ነው። ፊልተሩን አጥፉ፣ ውሃው ሲረጋ በስሪንጅ ቀድታችሁ በቀጥታ ጢሙ ላይ ቀስ ብላችሁ ልቀቁት። አረፋ ይሠራል። ከ10 ደቂቃ በኋላ ፊልተሩን መልሱ። በጥቂት ቀናት ጢሙ ወደ ሮዝ ወይም ወደ ነጭ ከተቀየረ ሞቷል። ሽሪምፕ ካላችሁ ይህን ተዉት። ድንጋይ ወይም የፊልተር አፍ ከሆነ ደግሞ አውጥታችሁ ውጭ አክሙት፣ ለአሳዎቹ ይሻላል።

አልጌ የሚበላ አሳ ልግዛ የሚል አይጠፋም። ፕሌኮ የሚባለውን አልጌ በል አሳ ትንሽ ሳለ ታዩትና ያሳዝናችኋል። 30 ሳንቲ የሚያልፍ ዝርያ አለው፣ በ60 ሳንቲ ገንዳ ውስጥ አስቡት። ከሚበላው አልጌ የሚጥለው ኩስ ይበልጣል። ሞሊ ካላችሁ ትንሽ ትንሽ ትግጣለች፣ በዚያ ብትረኩ ይሻላል።

ከሐይቁ ምንም አታምጡ

የጣና ዳር ሰው ፈተናው ይሄ ነው። ሐይቁ አምስት ደቂቃ መንገድ ላይ ነው፣ ሁሉም ነገር በነፃ።

አንድ ወዳጄ እምቦጭ ናይትሬት ይመጥጣል ብሎ በባልዲ ሊያመጣልኝ ነበር። መምጠጡ እውነት ነው። ግን ያ ሁሉ ሰው የሚነቅለውን ነገር እኔ ሳሎኔ ላባዛው? አንዷ ቁራጭ ከቤታችሁ በቦይ ከወጣች የት እንደምትደርስ ታውቃላችሁ። ለዚሁ ሥራ ልብ የመሰለ ቅጠል ያለውን፣ ብዙ ቤት በጠርሙስ ውሃ የሚበቅለውን ፖቶስ የሚባል ሐረግ ተጠቀሙ። ሥሩ ብቻ ውሃ ውስጥ ይግባ፣ ቅጠሉ ውጭ ይሁን። የኔ ሐረግ መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ ወጥቷል፣ ያ ሁሉ ቅጠል አልጌ ይሆን የነበረ ነገር ነው።

ቀንድ አውጣም ከሐይቁ አታምጡ። ቢልሃርዚያ በጣና ዳርቻ የታወቀ በሽታ ነው፣ ትሉ የሚያድገው በውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው፣ ከዚያ ወጥቶ በቆዳ ይገባል። እጃችሁን በየሳምንቱ የምትነክሩበት ገንዳ ውስጥ ይህን አትፈልጉም።

ድንጋይ ካማራችሁ በብሩሽ ፈትጋችሁ፣ የፈላ ውሃ ከላይ አፍስሳችሁበት፣ ለብዙ ቀን ፀሐይ ላይ አድርቁት። ድስት ውስጥ ከትታችሁ አትቀቅሉት። የኛ ጥቁር ድንጋይ ቀዳዳ ይበዛዋል፣ ውስጡ ውሃ የያዘ ድንጋይ ሲግል ሊፈነዳ ይችላል።

በተገላቢጦሽም ነው። ገንዳው ሲሰለቻችሁ አሳውንም ተክሉንም ሐይቁ ውስጥ አትልቀቁ። ለሚፈልግ ሰው ስጡ።

መቼ ይጠራል?

የኔ መጋረጃው ከተሰቀለና ዳቦው ከቀረ በኋላ አምስት ሳምንት ፈጀበት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ምንም ለውጥ አላየሁም፣ ልተወውም ነበር። በሦስተኛው ላይ የኋላው ድንጋይ ታየኝ። አሁን መስታወቱን የምጠርገው በሁለት ሳምንት አንዴ ነው፣ እሱም አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ባለፈው ሐሙስ ማታ ሳጥኑን ስከፍት ስድስቱም ክዳኖች ባዶ ናቸው። ለዓርብ የሚቀር የለም፣ ልክ ነው። ገንዳው ስር ግን የዳቦ ፍርፋሪ ወለሉ ላይ አገኘሁ። እማዬን አየኋት። "ለኔ ነው የበላሁት" አለች።